የእትዬ አሰለፈች በሮች

እትዬ አሰለፈች ማረፋቸውን የነገረኝ የሞያሌ መስመር ሹፌር ነው። ይህ ሰው ሲያረዳ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልበትም፤ ዕድሜ ልኩን ከሞተር ጋር ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ነው። «መምህር፣ እትዬን ቀበርናቸው!» አለኝ፣ ጭነት ደረሰ እንደሚል ሰው። እኔም እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ማልቀስ ሲገባኝ ሳቅ መጣብኝ።

ስለ ሞተ ሰው ሲጻፍ ሁሉም ሩኅሩኅ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነው። በየሙት ዓመቱ የሚታተሙትን ወረቀቶች ብቻ ያነበበ የውጭ አገር ሰው፣ በኢትዮጵያ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እትዬ ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን የማልረሳቸው በደግነታቸው አይደለም። ግትር ነበሩ። ከሰው ጋር ሲከራከሩ ምሳ ይረሱ ነበር። ስህተታቸው በተገለጠ ቁጥር ደግሞ አንዲት መልስ ነበረቻቸው፤ «እሱማ አውቄ ነው።»

ነጌሌ የመጡት ለጦር ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ሚስት ሆነው ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ባለቤታቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሌሎቹ የወታደር ሚስቶች ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደየአገራቸው ሲሄዱ እሳቸው ግቢያቸውን መኝታ ቤት አደረጉት። በግራና በቀኝ የተደረደሩ ክፍሎች፣ መሃል ላይ ሰፊ ግቢ፣ የላሜራ በሮች፣ አንድ የውሃ በርሜል። ከውጭ ታፔላ አልነበረውም። ከአውቶቡስ የወረደ ሰው «አልጋ የት ይገኛል?» ካለ «አሰለፈች ቤት» ይባላል፤ አለቀ። እኔ ከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ ስመጣ አንድ ሳምንት ላድር ገባሁ፤ ዝውውር እስካገኝ ድረስ እዚያው ቀረሁ።

ዓይናቸው መድከሙን ከሁላችን ደብቀው ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም ብሏቸው ኖሯል፤ እሳቸው ግን ለጎረቤት የተናገሩት «መነጽር አዞልኝ ነበር፣ አላማረብኝም» ብለው ነው። እንግዳን በሳሉ ይለዩ ነበር። እኔን በጫማዬ ይለዩኝ ነበር፤ «መምህር፣ ተረከዙን አስጠግን፣ እንደ ፈረስ ነው የምትሄደው» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ እንደ ተረብ እየቆጠርኩ እስቅ ነበር።

ምስጢራቸው የተገለጠው በአንድ ሻለቃ ፎጣ ነው። በየቁልፉ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ነበር። እትዬ አንዲት ተሳፋሪ ተቀብለው ቁልፍ አነሱ፤ ያነሱት ግን የተያዘ ክፍል ትርፍ ቁልፍ ነው። በሩን በረገዱና «ይኸውልሽ ልጄ፣ ንጹሕ ክፍል፣ ምንም የሌለበት» አሉ። ሻለቃው ከገላ መታጠቢያ ተመልሰው መሃል ወለሉ ላይ ቆመዋል። ሁለቱም እጃቸው ፎጣው ላይ ስለነበር ሰላምታ እንኳን መስጠት አልቻሉም። ተሳፋሪዋ «ውይ!» ብላ ስትሸሽ እትዬ ገና አልጋውን እያመሰገኑ ነበር።

ወሬው በሚቀጥለው አውቶቡስ አዋሳ ገባ። አዋሳ ባንክ ቤት የሚሠራ ግርማ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱን ይወዳል፣ ለዚህም ነው አደገኛ የሆነው። ደወለ። ለቤቱ ገዢ አግኝቷል፤ ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ክፍል አዘጋጅቶላቸዋል። «የማታዪውን ቤት እንዴት ታስተዳድሪያለሽ እማዬ? አንድ ቀን አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» አላቸው። እትዬ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ፊት ሊያስቀምጠኝ ነው» አሉ። «ለማላይ ሴት ቴሌቪዥን!»

«ይወድዎታል እኮ እትዬ።»

«ማን አልወደደኝም አለ? የጠላኝ ሰው ቢሆን ደጁን ዘግቼበት አርፍ ነበር።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። ፋሲካ እስኪደርስ ቤቱን ያለማንም ዓይን ማስተዳደር እንደሚችሉ ለልጃቸው ማሳየት አለባቸው። አለዚያ ቤቱ ይሸጣል፤ እሳቸውም ይሄዳሉ።

ብዙ ያነበበ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እኔ ወዲያው ከመጽሐፍ መፍትሔ አመጣሁ። ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት ነጠብጣብ ጽሑፍ እንዳለ፣ ብሬይል እንደሚባል፣ በሠለጠነው ዓለም በየሆቴሉ በር ላይ እንደሚለጠፍ አስረዳኋቸው። ታግሠው ሰሙኝ።

«አንተ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። ታዲያ ማን ማንን ሊያስተምር ነው?»

በማግስቱ ጃርሶን አስጠሩ። ጃርሶ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የሚበይድ ቦረና ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ስለሚውል አራት ዓይን ያለው ይመስላል። በየበሩ ላይ ቁጥሩን በብየዳ እንዲጽፍላቸው አዘዙት፤ ብየዳው አበጥ ስለሚል ጣት ያገኘዋል ብለው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጃርሶ ግን አጥር የሚበይድ እጅ እንጂ ጸሐፊ እጅ አልነበረውም። እትዬ በሮቹን እየዳበሱ ዞሩ።

«ይሄ ስድስት ነው?»

«ስምንት ነው እትዬ።»

«ይሄስ ሦስት?»

«እሱ… እሱ ነው ስድስት።»

«አንተ ጃርሶ፣ ይሄ ሁሉ ትል ነው! ትል ነው የምታስቆጥረኝ!»

ጃርሶ አልተቀየመም። ቁጢጥ አለና በሩን ሲያየው ቆየ። «እትዬ፣ እናንተ ቁጥር ትላላችሁ» አለ። «እኛ ከብት በቁጥር አናውቅም። ስንት ነው ብለሽ ቦረና አትጠይቂ፣ ነውር ነው። ግን የማን እንደሆነ እናውቃለን። መለቶ አለው።»

መለቶ በኦሮምኛ ምልክት ማለት ነው። ከብቱ ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰውም መለቶ ነው፤ መንገድ ዳር የሚተከለውም መለቶ ነው። ጃርሶ ያለው ግልጽ ነበር፤ ለእያንዳንዱ በር ቁጥር ሳይሆን የራሱ ምልክት ይሁንለት። ከፌሮ ታጥፎ የሚበየድ፣ ትልቅ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። አንዱ ቀጥ ያለ እንጨት፣ አንዱ መስቀለኛ፣ አንዱ መንጠቆ፣ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ሹካ። በቁልፉም ላይ ያው ምልክት በትንሹ ተሠርቶ ይንጠለጠል። እትዬ «እኔም ይሄንኑ ላዝህ ነበር» አሉ። እሱማ አውቀው ነው።

ጃርሶ ፌሮውን አጥፎ በየላሜራው ላይ በየደው። ጠዋት ሲዳብሱት ሁሉንም በአንድ ንክኪ ለዩ። ፊታቸው በራ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ሁሉ አመሰገኑ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞረች። የነጌሌን የከሰዓት ፀሐይ የማያውቅ ሰው ላሜራ በር ላይ ምን እንደምታደርግ አይገባውም። ክፍሌ ውስጥ ፈተና እያረምኩ ጩኸት ሰማሁና ወጣሁ። እትዬ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል።

«ጃርሶ!» ይላሉ። «ስትተኩስ ከብቱን ነው መተኮስ፤ እኔን ለምን ተኮስከኝ?»

ጥላ ላይ ያሉት በሮች ግን ስላልጋሉ የእነሱ ምልክት እዚያው በሩ ላይ ይቆይ አሉ። በር ላይ ያለ ምልክት ሌላም ጣጣ እንዳለው እኔ አላሰብኩም፤ ጃርሶም አልተናገረም። ችግሩን ያወጣው ከሞያሌ በኩል የመጣ ባለትልቅ ሆድ የከብት ነጋዴ ነው። እትዬ ፎጣ ሊያደርሱለት ሄደው ምልክቱን ለማንበብ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ነጋዴው በሩን ወደ ውስጥ ከፈተው። በሩ ሄደ፤ እጃቸው ግን ጉዞውን ቀጠለ። ሆዱ ላይ አረፈና ዳበሰ። ዳበሰ።

«ይሄ ደግሞ የትኛው ነው?» አሉ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

ነጋዴው ምንም ሳይንቀሳቀስ «ባለቤት አለው እናቴ» አላቸው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ምልክቶቹ ሁሉ ከበሩ ወርደው በሩ አጠገብ፣ በእጀታው በኩል፣ ግድግዳው ላይ፣ በጣውላ ተሠርተው እንዲመቱ አዘዙ። ጣውላ አይግልም፤ ግድግዳ አይከፈትም። ከፍታውን በራሳቸው ትከሻ ለኩት። እሳቸው አጭር ሴት ነበሩ። የቦረና ሽማግሌ ደግሞ ረጅም ነው። ከዚያ ጀምሮ ገበያ የመጣ ባላገር ሁሉ ክፍሉን ለመለየት ጎንበስ ይላል፤ ከሩቅ ለሚያየው ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ለግድግዳ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። «ትንሽ ከፍ ቢልስ?» ብላቸው «ሰው ቤት ሲገቡ ጎንበስ ማለት ምን ይጎዳል?» አሉኝ።

አንድ ያላሰቡት ነገር ሆነ። ምልክቱን እሳቸው ለጣታቸው ብለው ቢያሠሩትም የተጠቀመበት ሌላ ሰው ነው። ቁጥር ማንበብ የማይችለው ባላገር ቀድሞ ክፍሉን እስኪያገኝ በየበሩ ይሳቀቅ ነበር፤ አሁን ቁልፉን አይቶ ግድግዳውን አይቶ ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። የቢሮ ሰዎች ደግሞ ተቸገሩ። «ስንት ቁጥር ነኝ?» የሚል ሠልጣኝ «ሹካ ነዎት» ሲባል ይከፋው ነበር።

በኋላ ዘመን በዋና ከተማው ውድ ሆቴሎች ውስጥ ስብሰባ ሲጋብዙኝ ይህን አስታውሳለሁ። አንዱ ጋ ብሬይሉ አሳንሰሩ ውስጥ በሚገባ ተለጥፎ ነበር፤ አሳንሰሩ ግን አይሠራም። ሌላው ጋ በየበሩ ያለው የብሬይል ሰሌዳ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሥዕል ያለበት መጸዳጃ ቤት ለመድረስ ደረጃ የወጣሁበት ቦታም አለ። እነዚህ ምልክቶች የተለጠፉት ለማያይ ሰው ወይም ለማይራመድ ሰው አይደለም፤ ለሚያይና ለሚራመድ ተቆጣጣሪ ነው። የእትዬን ሰሌዳ ያሠራው ግን የአንዲት ሴት ጣት ነው። ቸርነት የለበትም። ቸርነት ስለሌለበት ሠራ።

ፋሲካ አለፈ። ግርማ በገበያ ቀን መጣ፤ ይህን ቀን የመረጠው በግርግሩ መሃል የእናቱን ድካም ራሱ እንዲያየው ይመስለኛል። ሁሉም ክፍል ተይዟል፤ ለእሱ ብለው ከልክለው ያስቀመጡት ብቻ ቀርቷል። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ከጥግ ክፍሉ በኩል ጭቅጭቅ ተነሣ።

ከወደራ የመጣች አንዲት ነርስ ቁልፏን ይዛ ደጅ ቆማለች። ወለሉ ተወልውሎ እንዲደርቅ ክፍቱን ከተተወው ክፍሏ ውስጥ ኦቦ ዋርዮ የሚባሉ ሽማግሌ ከዘመዶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ዱላቸውን ሁሉ ጥግ ላይ አስደግፈዋል።

«አባቴ፣ ይሄ የኔ ክፍል ነው። ቁልፉ ይኸው» ትላለች።

«ቁልፉ ያንቺ ነው» ይላሉ ሽማግሌው፣ በጣም በትሕትና። «ክፍሉ የኛ ነው።»

ግርማ ወደ እናቱ ዞሮ «አየሽ እማዬ? ይሄ ነው እኔ የምልሽ!» አለ። እትዬ ግድግዳውን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ሄዱና ጥግ ክፍሉ ደጅ ላይ ቆሙ።

«ናጋ?» አሉ፣ በኦሮምኛ ሰላም ነው? ለማለት።

«ናጋ። አካም?»

ከብቱ ደኅና ነው? ደኅና። ሣሩስ? አለ። ዝናቡስ? ጥሎልናል። ልጆቹስ? ግርማ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ በሌላው ይቆማል። ሰላምታው እስኪያልቅ ማንም ስለ ክፍሉ አልተናገረም። ሲያልቅ ኦቦ ዋርዮ ወጡና ግድግዳው ላይ ያለውን ጣውላ አሳዩ።

«አንቺ እናት፣ ይሄን መለቶ ማን ሠራው?»

«ጃርሶ።»

«ጥሩት።»

ጃርሶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ መጣ። ሽማግሌዎቹን ሲያይ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ነገሩ ወዲያው ታወቀ። የሌሎቹን ክፍሎች ምልክት ሁሉ ከራሱ ፈጥሮ ሲደርስ ለጥግ ክፍሉ ሐሳቡ ተሟጠጠበት፤ እጁ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ሠራ። የጎሳውን የከብት ምልክት ነው የመታበት።

«ሌላ አለቀብኝ» አለ።

«ይኸው» አሉ ኦቦ ዋርዮ ወደ ሁላችን ዞረው። «ልጃችን በገዛ እጁ አድርጎበታል። መለቶ ያለበት ነገር ባለቤት አለው። ያለባለቤቱ አይነዳም፣ አይሸጥም።»

«አባት፣ ይሄ ከብት አይደለም» አለ ግርማ። «ቤት ነው።»

«አውቃለሁ። ከብት ቢሆን እስካሁን ነድቼው ነበር።»

ግርማ ትዕግሥቱ አለቀ። «ለማንኛውም ቤቱ ሊሸጥ ነው። ገዢ አለው። እናቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው አዩት። «እኛን ጠይቃችኋል?»

እትዬን እያየሁ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሽማግሌውን ሳያስቀይሙ እንዴት እንደሚያስወጧቸው ነበር የሚያስቡት፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። «እኛን ጠይቃችኋል?» የሚለውን ሲሰሙ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ግቢው ውስጥ ካለነው ሁሉ ነገሩ ቀድሞ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

«ኦቦ ዋርዮ፣ በመለቶው ነው የሚሉኝ?»

«በመለቶው ነው።»

«እንግዲህ በመለቶው ከሆነ ምን እላለሁ» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው፣ የተሸነፈ ሰው መስለው። «ሰማህ ግርማ? ይህ ክፍል የኔ አይደለም። የሰው ንብረት ሸጬ ልታሰርልህ ነው?»

«እማዬ፣ ትቀልጃለሽ?»

«ባንክ ቤት የምትሠራው አንተ ነህ። ባለቤቱ ያልተስማማበት ቤት ይሸጣል?»

ግርማ ሻንጣውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ እንዳለው ያውቃል። ኦቦ ዋርዮ ከልባቸው ነበር ወይስ እየቀለዱ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ዘመዶቻቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እትዬ ነገሩ በዚህ እንዲያበቃ አልፈለጉም። ደጅ የቆመችውን ነርስ «ነይ ልጄ፣ አንቺ ምን በወጣሽ» ብለው ወደ ቁልፍ መስቀያው ሄዱ። ጣታቸው ሚስማሮቹ ላይ አንዴ ተራመደና ቀለበቷን አነሣ። ግድግዳውን እየነኩ፣ ሰውም በርሜልም ሳይነኩ፣ ግቢውን ዞሩና ቀለበት ያለበት በር ላይ ቆሙ። ጣውላውን ዳበሱ፤ ከዚያ አንኳኩ፤ ከሻለቃው ወዲህ ሳያንኳኩ አይከፍቱም። መልስ ሲጠፋ ቁልፉ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። «ንጹሕ ክፍል፣ ምንም የሌለበት» አሉ። እውነትም ምንም አልነበረበትም። ለግርማ ያስቀመጡት ክፍል ነበር።

ግርማ ይህን ሁሉ ከግቢው መሃል ቆሞ አየ። ሻንጣው በእጁ ነው። ፊቱን ሳየው ልጅ ሆኖ እናቱን ከሩቅ ሲጠብቅ የነበረውን ልጅ ያየሁ መሰለኝ።

«እኔስ የት ላድር?» አለ በመጨረሻ።

«አልጋ የለኝም» አሉት እናቱ። «ሁሉም ተያዘ።»

ኦቦ ዋርዮ ከጥግ ክፍሉ ሆነው «ከኛ ጋር ይደር» አሉ። «እንግዳችን ነው።»

ቤቱን ስለ መሸጥ ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው የለም። እትዬ ግድግዳቸውን እየዳበሱ፣ ከእንግዳ ጋር እየተከራከሩ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አርጅተው እዚያው አልጋቸው ላይ አረፉ። ኦቦ ዋርዮም ገበያ በመጡ ቁጥር ለጥግ ክፍሉ የሚገባውን ሒሳብ ሳያጓድሉ ይከፍሉ ነበር፤ የገዛ ክፍላቸውን ለምን እንደሚከራዩ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

በዚያ የገበያ ቀን ማግስት ጠዋት ግርማ ለአውቶቡስ ሲነሣ ወጥቼ ነበር። በሽማግሌዎች መሃል ተጣቦ ስላደረ ጉንጩ ላይ የጋቢ መስመር ታትሟል። ወደ እናቱ ሄዶ ጎንበስ አለና ጉልበታቸውን ነካ።

«እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«እኔን ምን አድርጌ?» አሉት። «አልጋ የሰጡህ እነሱ ናቸው። ሂድና እነሱን አመስግን።»